ያውቁ ኖሯል? ዙፋን ያልነበረው ሸንጎ፣ ለግብር ያልተመቸው እንሰትና የአናርኪስቱ ልጅ

«አናርኪ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ምን ይታይዎታል? የሚቃጠል ጎማ? የተሰበረ መስታወት? ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ፍቺውም «ገዥ የሌለበት» ማለት ብቻ! የእኛ ተርጓሚዎች ግን «ሥርዓተ አልበኝነት» አሉት። ገዥው ሲሄድ ሥርዓቱንም በአህያ ጭኖ ይዞት የሚሄድ ይመስል!

ገዥ ሳይኖር ሥርዓት ሞልቶ የተረፈበት አገር ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አገና ይምጡ!

ሰባት ቤት ጉራጌን ሁሉ ጠቅልሎ የገዛ ንጉሥ አልነበረም! ቸሃ አለ፣ እዣ አለ፣ ጉመር አለ፣ ጌቶ አለ፣ ሙኸርና አክሊል አሉ፣ እነሞርና ኤነር አሉ፣ እንደጋኝ አለ። ቤቱ ሰባት፤ ዙፋኑ ግን አንድም!

ታዲያ ጠብ ሲነሣ ማን ይዳኛል? የጆካ! ከየቤቱ የመጡ ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያደምጣሉ፣ ይሟገታሉ፣ ያስማማሉ። ደመወዝ የላቸውም። ወታደር የላቸውም። እስር ቤት የላቸውም!

ድምፅ ቆጠራም የለም! ይኸኛው ወገን 51፣ ያኛው 49 አገኘና ተረታ አይባልም። እስኪግባቡ ድረስ ይነጋገራሉ። ቢመሽስ? ነገም ቀን ነው!

የየጆካ ሕግ ቂጫ ይባላል። ስለ ደም፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ስርቆት ይደነግጋል። ይህ ሁሉ ለትውልዶች የኖረው የት መሰለዎት? በሽማግሌዎች ራስ ውስጥ! ወረቀት ላይ የሰፈረው ገና በእኛ ዘመን ነው።

ሶዶ ክስታኔዎች ደግሞ የራሳቸው አላቸው፤ የጎርደና ሴራ! ከአንዱ ወንዝ ማዶ ሌላ ሸንጎ፣ ሌላ ሴራ። አሁን ልብ ይበሉ፦ በአማርኛ «ሴራ» ማለት ተንኮል ነው፤ በጉራጌ አገር ግን ሕግ ነው! መሐል አገር ሲያሴሩ፣ እዚህ በሴራ ይተዳደራሉ!

ምስክር ሲጠፋስ? ጉርዳ ይመጣል! ጉርዳ መሐላ ነው። ተከሳሹ በራሱና በዘሩ ላይ ይምላል። ሌባው መዋሸት ይችላል፤ ግን የልጅ ልጁን አስይዞ ነው!

ፖሊሱ ደግሞ ማን እንደነበር ቢሰሙ ይገርምዎታል። መብረቅ! በጥንቱ እምነት ቦዠ የነጎድጓድ አምላክ ነው፤ ሌባንና ቤት አቃጣይን ይቀጣል። ንብረትዎ ላይ የቦዠን ምልክት ያኖራሉ፣ ከዚያ በሰላም ገበያ ይሄዳሉ። ቁልፍ የለ፣ ዘበኛ የለ! ሌባው ደመናውን ቀና ብሎ ያያል፤ እጁንም ይሰበስባል።

ፍርዱን አልቀበልም ያለ ሰውስ? ማንም አይነካውም! ብቻ እሳት የሚሰጠው ጎረቤት ያጣል። ቤቱን ሲሠራ ምሰሶ የሚያነሣለት አይመጣም። ሬሳ ሲወጣበት ብቻውን ይቆማል። ከዚህ ወዲያ ምን እስር አለ?

ፍጹም ነበር አላልኩም! የቆዳው፣ የእንጨቱና የሸክላው ጥበብ ባለቤቶች «ፉጋ» እየተባሉ ተገለሉ፣ መሬት ተነፈጉ። ንጉሥ የሌለው ሰውም ሌላውን ሰው ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ያውቅበታል። ይህ ደግሞ ያሳፍራል እንጂ አያስደንቅም።

ሸንጎው የወንዶች ነበር። ማን ሞገተው? የቃቄ ወርድወት! የሙኸር ሴት ናት፤ ዘመኗ 19ኛው ክፍለ ዘመን። ሴቶችን አስከትላ የጆካ ፊት ቆመች! ወንድ በላይ በላዩ ሲያገባ ሴት ለምን ተጎልታ ትቀራለች? ለምንስ መፍታት አትችልም? አዛውንቱ እርስ በርስ ተያዩ ይባላል። ይህ ሁሉ ሲሆን አውሮፓ ውስጥ ብዙ አገሮች ሴት በገዛ ፈቃዷ ትፍታ አትፍታ ገና እየተጨቃጨቁ ነበር! የወርድወት ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ፤ ተመልካቹም ግጥም ብሎ ገባ።

ዊልያም ሻክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቸሃ ገብቶ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ መጽሐፍ አወጣ። ርእሱ ላይ ምን አኖረ? ጦር አይደለም፣ ንጉሥ አይደለም፣ ቤተ መንግሥት አይደለም። እንሰት!

እንሰትማ ጉድ ነው! ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው! ከ40 እስከ 60 እንሰት አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ይዞ ይከርማል ይባላል። ዝናብ ቢቀር ይቆያል። ቢዘገዩበት አይቆጣም። ቢቸኩሉም ይደርስልዎታል!

አሁን ዋናው ጉድ መጣ! ጄምስ ስኮት የሚባለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር አለ፦ የጥንት መንግሥታት የቆሙት በእህል ላይ ነው! ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ። ለምን? እህል ከመሬት በላይ ይታያል። በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ይሰፈራል፣ ይጫናል፣ ይከማቻል። ግብር ሰብሳቢው አውድማ ላይ ቆሞ «ከአሥር አንድ» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው!

በዚህ ሚዛን እንሰትን ይመዝኑት እስቲ! ጓሮ ውስጥ የ1 ዓመቱም የ6 ዓመቱም ጎን ለጎን ቆሟል። የመከር ወር የለውም። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለዓመታት ይቀመጣል። ግብር ሰብሳቢው መጥቶ ምን ያያል? ቅጠል! የትኛው ጉድጓድ ምን ያህል እንደያዘ የምታውቀው ደግሞ የምትፍቀውና የምትቀብረው ሴትዮ ብቻ ናት። ልጠይቃት ይበል እንጂ!

ለነገሩ መንግሥት ሁልጊዜ መላ አያጣም። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የምኒልክን ጦር ለዓመታት ተገዳድሮ፣ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ራስ ጎበና ድል ካደረጉት በኋላ ጉራጌ ገባር ሆነ። እንሰቱ አልቆጠር ሲል ሰው ተቆጠረ! ግብሩ በጥሬ ብር ተጠየቀ። ብሩ የት አለ? አዲስ አበባ! ወጣቱ ሸክም ሊሸከም፣ ቁፋሮ ሊቆፍር ጉዞ ጀመረ። ዛሬ «ጉራጌና ንግድ» ብለው የሚያደንቁት ታሪክ አንዱ መነሻው የግብር ዕዳ ነው!

ጀፎረን አይተው ያውቃሉ? ካላዩ ዓይንዎ ዕዳ አለበት! በሁለቱ ወገን ጎጆዎች ተሰልፈው፣ በመካከል አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ሰፊ የሣር ጎዳና። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሸንጎውም፣ የፈረስ ጉግሱም እዚያ ነው። ማዘጋጃ ቤት አልነደፈውም። መሐንዲስ ገመድ አልዘረጋበትም!

አጥሩን ግማሽ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሽማግሌ! በከተማ ባለ ካርታው መሬት በጠራራ ፀሐይ ሲታጠር እያየን፣ ካርታ የሌለው ጀፎረ በዘመናት መካከል ስፋቱን ይዞ ቆየ። ይህን ሳስብ እኔ ራሴ እስቃለሁ።

እስቲ ከጀፎረ ወደ ሩሲያ እንሻገር። ልዑል ነበር፤ የንጉሥ አሽከር ነበር፤ አናርኪስት ሆነ! ፒተር ክሮፖትኪን የሩሲያው ዛር የአሌክሳንደር 2ኛ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ወጣት ነበር። የመሳፍንት ማዕረጉን ግን በ12 ዓመቱ ጥሎታል! ሳይቤሪያ ሄዶ ተራራ ለካ፣ ካርታ አረመ። እንስሳቱን ሲያይ ደግሞ ገረመው፤ በብርዱ የሚተርፈው የሚናከሰው አልነበረም፣ የሚረዳዳው ነበር! እ.ኤ.አ. በ1902 ስለ መረዳዳት መጽሐፍ አወጣ።

አሁን እድርን ያስቡ! ድንኳኑን ማን ገዛው? ወንበሩንስ? ሌሊት ጡሩምባ የሚነፋውንስ ማን ቀጠረው? ሚኒስቴር የለበትም! እድር የተጀመረው ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ጉራጌዎች ሬሳቸውን የሚቀብርላቸው ዘመድ አጠገባቸው ስላልነበረ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ክሮፖትኪን አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ቢቀመጥ መጽሐፉን በሁለት ቅጽ ያወጣው ነበር!

ይኸው ልዑል ከእስር ያመለጠው በቫዮሊን ነው! እ.ኤ.አ. 1876፣ ፒተርስበርግ። ወዳጆቹ ከግቢው ፊት ለፊት ቤት ተከራዩ። መንገዱ ሲጠራ ቫዮሊን ተመታ፤ እሱ ሮጠ፤ በእሽቅድምድም ፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ይዞት በረረ! ማታውን የት አመሸ? ከተማው ውስጥ አለ በሚባለው ምግብ ቤት! ፖሊስ ሁሉን ቦታ ፈተሸ፤ እዚያ ግን ማን ይፈልገው?

ሲሞት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. 1921፣ የቦልሼቪክ መንግሥት ለቀብሩ ብሎ የታሰሩ አናርኪስቶችን በቃላቸው ለቀቀ! ዛሬ ሞስኮ ውስጥ የምድር ባቡር ጣቢያ በስሙ ይጠራል። መንግሥት አያስፈልግም ያለውን ሰው መንግሥት ጣቢያ ሰየመለት!

አሁን ዕቁብ። ፒየር ጆሴፍ ፕሩዶን፣ «እኔ አናርኪስት ነኝ» ብሎ በጽሑፍ ያወጀ የመጀመሪያው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ፓሪስ ውስጥ ያለ ወለድ የሚያበድር የሕዝብ ባንክ ሊከፍት ተነሣ። ሥራ ሳይጀምር ተዘጋ፤ ባለቤቱም ፕሬዚዳንቱን ሰድበሃል ተብሎ ታሰረ! እዚህ አገራችን ደግሞ ባለ ሱቆች ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ ያለ ሕንፃ በየሳምንቱ ዕጣ ያወጣሉ። ፈረንሳዊውን ያቃተው ነገር መርካቶ ውስጥ በሻይ ሰዓት ያልቃል!

ይኸው ፕሩዶን መንግሥትን ሲቃወም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1848 የፓርላማ አባል ሆኖ ተመርጧል! ሚስቱንም ያገባው እስር ላይ እያለ ነው! እስረኛ ሙሽራ!

ዕጣ ካነሣን፣ የመስቀልን ቅርጫ እንዴት እናልፋለን? በሬው ይጣላል፣ ሥጋው ይመደባል፣ ከዚያ ዕጣ! ሰብሳቢውም ድሃውም የደረሰውን ያነሣል። ሳንባ ቢደርሰው ይስቃል፣ ሽንጥ ቢደርሰው ዝም ይላል!

መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው ብለው ይሆናል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቅ መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቋመ! በምዕራቡ፣ በወልቂጤ በኩልም፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተነሣ። ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ሊስትሮው አዋጣ! ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ የአለም ገናውን ማኅበር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ላይ ዶክትሬታቸውን ሠርተውበታል። መንገዱ ራሱ ዲግሪ አስገኘ!

አሁን ወደ ጣሊያን። ይታገሡኝ፣ ይህ ረጅም ነው!

ጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ደመሰሱ። ሮም ውስጥ ፓርላማው ለበቀል ገንዘብ ሲጠይቅ አንድ ሰው ተነሣ፦ ለአፍሪካ አንድም ሰው፣ አንዲትም ሳንቲም አንሰጥም! ስሙ አንድሪያ ኮስታ። በወጣትነቱ አናርኪስት የነበረ!

የካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። የጣሊያን ከተሞች ተናወጡ፣ ሰልፈኞች ወታደር እንዳይጫን ሐዲድ ነቀሉ። አንዳንዱ አደባባይ ላይም «ቪቫ ሜኔሊክ!» የሚል ጩኸት ተሰማ! ምኒልክ ይኑር፣ በገዛ አገራቸው ጎዳና! ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ወንበሩን ለቀቀ።

የውጫሌው ውል የጣሊያን ወገን ንጉሥ ማን ነበር? ኡምቤርቶ 1ኛ። የአድዋውስ? እሱው! አሟሟቱን ያውቃሉ? ሐምሌ 1892 ዓ.ም. ጌታኖ ብሬሺ የሚባል አናርኪስት ሸማኔ ከአሜሪካ፣ ከኒው ጀርሲ ድረስ መጥቶ ሞንዛ ላይ ተኮሰበት። ምክንያቱ አድዋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 ሚላኖ ውስጥ ሕዝብ ላይ በመድፍ ያስተኮሰውን ጄኔራል ንጉሡ ስለሸለመ ነው። ጣሊያን በሰላሙ ጊዜ የሞት ቅጣትን ሠርዛ ነበርና ገዳዩ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት!

ከዚያም ከሁሉ የሚብሰው! ሙሶሊኒ ሙሉ ስሙ ቤኒቶ አሚልካሬ አንድሪያ ነው። «አንድሪያ» ከየት መጣ? ከአንድሪያ ኮስታ! አንጥረኛው አባቱ ኮስታን ይወድ ነበር። ለአፍሪካ ሳንቲም አንሰጥም ባለው ሰው ስም የተጠራው ልጅ አድጎ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ወጣት ሳለ የክሮፖትኪንን ጽሑፍ እንኳ ተርጉሞ ነበር!

እዚያው ጣሊያን የተወለደ ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ሲልቪዮ ኮሪዮ። አናርኪስት፣ አታሚ፣ ጋዜጠኛ፣ ለንደን ላይ ስደተኛ። የሕይወት ጓደኛው ማን ነበረች? እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት! ጋብቻ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ነው ባዮች ነበሩና ሳይጋቡ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ልጅ ወለዱ። እናቷ ኤመሊን በዚህ ተቆጥታ ልጇን ዳግም ልታያት አልፈለገችም!

ያ ሕፃን ማን መሰለዎት? ሪቻርድ ፓንክረስት! የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር፣ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ዓመታት የታገሉት ፕሮፌሰር። የኢትዮጵያን ታሪክ በመጻሕፍት የሞሉልን ሰው የጣሊያን አናርኪስት ልጅ ናቸው!

ሲልቪያ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለስደት ለንደን ሲደርሱ ተቀበለቻቸው። ያኔም እኔ የምደግፍዎ ንጉሥ ስለሆኑ አይደለም፤ የዘውድ ደጋፊም አይደለሁም፣ ጉዳይዎ ትክክል ስለሆነ ነው አለቻቸው ይባላል! በፊታቸው!

እ.ኤ.አ. በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ አቋቋመች። 20 ዓመት ወጣ! ጋዜጣውን ከጎኗ ሆኖ ያዘጋጅ የነበረው ማን ነው? አናርኪስቱ ኮሪዮ! ንጉሠ ነገሥትን ወደ ዙፋኑ ለመመለስ አናርኪስት ቀለም ሲያፈስ!

የእንግሊዝ መንግሥት ደጋግሞ ያሰራት፣ በግድ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ከትቶ የመገባት ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1960 አዲስ አበባ አረፈች። ቀብሯ ላይ ጃንሆይ ተገኙ። መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞች ጎን ነው!

ሚያዝያ 23 ባንክ ሲዘጋ ለማን እንደሆነ ያውቃሉ? በከፊል ለአናርኪስቶች! እ.ኤ.አ. በ1886 ቺካጎ ውስጥ ሠራተኛው የ8 ሰዓት ሥራ ጠየቀ፤ ቦምብ ፈነዳ፤ ማን እንደወረወረው ሳይታወቅ 4 አናርኪስቶች በቀጣዩ ዓመት ተሰቀሉ። የዓለም የሠራተኞች ቀን መነሻው ይኸው ነው። አገና ላይ ቢሮ ይዘጋል፤ ቺካጎ ላይ ግን የሥራ ቀን ነው! አሜሪካኖቹ የራሳቸውን በዓል ወደ መስከረም አሸሹት።

እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ አሜሪካ አናርኪስት እንዳይገባባት በሕግ ከለከለች! መጤውን «አናርኪስት ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተጀመረ። ነኝ ብሎ የሚመልስ ደግሞ ይኖራል እንዴ?

ፍራንከንስታይንን የጻፈችው ሜሪ ሼሊ የዊልያም ጎድዊን ልጅ ናት! እ.ኤ.አ. በ1793 መንግሥት ይቅር የሚል መጽሐፍ የጻፈ ሰው። መንግሥት መጽሐፉን ያላገደው ዋጋው ውድ ስለነበር ድሃ አይገዛውም ብሎ ነው ይባላል!

እ.ኤ.አ. በ1936 ስፔን ውስጥ 4 አናርኪስቶች ሚኒስትር ሆኑ! አንዱ የፍትሕ ሚኒስትር፣ እሱም የቀድሞ እስረኛ!

ሬይክያቪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ከንቲባዋ ራሱን አናርኪስት የሚል ኮሜዲያን ነበር! ጆን ግናር ይባላል።

ማዳጋስካር ገጠር ውስጥ ለጥናት የቆየው አሜሪካዊ አናርኪስት ዴቪድ ግሬበር መንግሥት ከአካባቢው ከወጣ መክረሙን ያወቀው ቆይቶ ነው! ማንም አልነገረውም፤ ሰዉ በፊት እንደሚኖረው ይኖር ነበርና!

ወደ አገራችን እንመለስ። ጋምቤላ ውስጥም የሚኖሩትን ኑዌሮች ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1940 «ሥርዓት ያለው አናርኪ» ሲል ገለጻቸው። በሁለት የእንግሊዝኛ ቃል የአማርኛ ተርጓሚዎቻችንን አረመ! የምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነዋሪዎች ማጃንግሮች ላይ ደግሞ ጃክ ስታውደር እ.ኤ.አ. በ1972 ጽሑፍ ሲያወጣ «አናርኪ» የሚለውን ቃል ርእሱ ላይ አኖረው!

በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይለቀቃል! ጥሩም ቢሠሩ ይለቃሉ!

ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ማኅበር ናት። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይፈትላል! ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም። ጎረቤት መጀመሪያ እብድ አላቸው፤ አሁን ከዓለም ዙሪያ እየመጡ ያዩዋቸዋል።

የሚቀጥለውን በቀስታ ልጻፈው። በቀይ ሽብር ዘመን «አናርኪስት» የሚለው ቃል በሬዲዮ ሲነገር በአገራችን ሰዎች ይሞቱ ነበር። ደርግ ኢሕአፓዎችን የሚጠራበት ስድብ ነበር። የተጠሩት ሰዎች ግን ማርክሲስቶች ነበሩ፤ መንግሥት ይጥፋ አላሉም፣ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ነው ያሉት። በአናርኪስትነት የተገደለው አብዛኛው ወጣት የፕሩዶንን ስም እንኳ አልሰማም ይሆናል።

ቀበሌስ? ቀበሌ ሲወለድ የመንግሥት ቢሮ አልነበረም! በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ነዋሪው ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የተቋቋመ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር! ዛሬ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፈው ሲቆሙ ትዝ ይበልዎት፤ በወረቀት ላይ ማኅበሩ የእርስዎ ነበር!

ያ የዬሉ ስኮት፣ የእንሰቱን ጉድ ሳይነግረን የነገረን ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ መንግሥታት ታላላቅ ውድቀቶች ሲጽፍ የደርግን የመንደር ምሥረታም አንሥቷል። ጎጆ ሁሉ በሰልፍ ቁም ሲባል! ጀፎረ ላይ ግን ጎጆዎቹ ማንም ሳያዝዛቸው ተሰልፈው ቆመዋል፤ ስኮት ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ፣ ደካሞች ኃያላንን በስውር ስለሚቋቋሙበት መንገድ ሲጽፍ፣ መግቢያው ላይ ያኖረው የማንን ተረት መሰለዎት? የኢትዮጵያን! ታላቁ ጌታ በመንገድ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ምን ያደርጋል? ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ መሬት እስኪነካ እጅ ይነሣል። ጌታውም ደስ ብሎት፣ በቅሎውን ነክቶ ያልፋል። ከኋላው ግን አየሩ ተበላሽቷል! ገበሬው ሲጎነበስ ለቆት ነበር፤ ያውም ድምፁን አጥፍቶ!